ከተማው ሁሉ የተዳረበት ክረምት

ሰኔ 5

ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የምታንኳኳው በር ይከፈትልህ፤ የምትጠግነው አሳንሰር ሁሉ ገመዱ ይጥናልህ። እኛ ከናፍቆትህና ከሰውዬው በቀር ደህና ነን።

ስልኩም ኢንተርኔቱም ከተዘጋ ወዲህ ወሬ ሆዴ ውስጥ ታምቆ ሊያፈነዳኝ ነው። ዛሬ ግን አንዲት ደንበኛዬ፣ ባለፈው ዓመት የሰርግ መኪናዋን ያስጌጥኩላት፣ ወደ አንተ አገር እንደምትበር ነገረችኝ። "አንድ ፖስታ ብቻ፣ እታለም" ስላለችኝ ወረቀቱን በሁለት በኩል ጥቅጥቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ዓይንህን ይርዳህ።

ሰውዬው በምርጫው ተሸነፈ። ቆጣሪዎቹ ተናገሩ፣ ታዛቢዎቹ ተናገሩ፣ የገዛ ሬዲዮው ሳይቀር ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ የማይተዋወቀው ሁሉ ተቃቀፈ። እኔም አበባ ሻጭ ሆኜ ምን ልሰስት፣ ባልዲው ውስጥ የነበረውን በሙሉ ላላፊ አግዳሚው አደልኩት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰውዬው በቴሌቪዥን ብቅ አለና "የተሸነፈው እኔ ሳልሆን ቆጠራው ነው፤ ከዚህ ወንበር አልነሳም" አለ።

ይህን የሰማነው ከጎኔ ካለው ጸጉር አስተካካይ ቤት ሆነን ነው። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ከደንበኛው አገጭ ላይ አነሳና፣ "ደህና ግቡ ተብሎ የተሸኘ እንግዳ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ጫማውን ቢያወልቅ ምን ይባላል?" አለ።

ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ "አንተ መጀመሪያ እኔን ጨርሰህ ሸኘኝ" አለው።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም።

ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፤ በጭስ ተበተኑ። ቀጥሎ ሾፌሮቹ አንድ ዘዴ አመጡ። እኩለ ቀን ሲሆን መኪና የያዘ ሁሉ ባለበት ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሰዉ "ሂድ፣ ሂድ፣ ሂ…ድ" ነው የሚለው ይላል። የሱቄ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ጽጌረዳው ይራገፋል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

አጎትህን ታውቀዋለህ። ታክሲ ተራው "ጭምቱ" ብሎ ያወጣለት በከንቱ አይደለም። መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ጥሩምባ ነፍቶ አያውቅም፤ እግረኛ መሀል መንገድ ላይ ገትሮት ስልክ ቢያወራ እንኳን ጨርሶ እስኪያልፍ ይጠብቀዋል። አሁንም ሁሉም ሲያንባርቅ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ጋዜጣ ያነባል። "ፈርተህ ነው?" ብለው፣ "ጆሮ ስላለኝ ነው" አለኝ።

እዚያ አገር የሚሸጠውን ዓይነት ነጭ ሳቲን ሪባን ካገኘህ ላክልኝ። እዚህ ያለው ዝናብ ሲነካው እንደ እርጥብ መሀረብ ነው የሚሆነው።

አክስትህ

ልጄ፤ አክስትህ እንደ ልማዷ አጋናለች። ጋዜጣ አላነብም፤ ጋዜጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። አጎትህ።


ሰኔ 22

ከእናት ላላነሱልኝ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናው ከእርስዎ አይራቅ፤ ሱቅዎ አበባ፣ ጋሼም ተሳፋሪ አይጡ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን፣ እየሠራሁ ባለሁበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ የአሳንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ የሰማኝ ዘበኛ ምን እንደነካኝ ሊያይ መጣ።

በእኛ ሥራ የምናውቀው አንድ ዓይነት ሰው አለ። ምድር ቤት ደርሶ፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ሌላው ሊሳፈር ተሰልፎ እየጠበቀ፣ እሱ ቁልፉን ተጭኖ "ገና ነኝ" የሚል። አንታገለውም። መብራቱን እናጠፋበታለን፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ እየተደናበረ ይወጣል። የእናንተን ሰውዬ መብራት የት እንደሚያጠፉት ግን እኔም አላውቅም።

እዚህ ሌላ ጣጣ አለብኝ። አብሮኝ የሚኖረውን ምግብ አብሳይ ነግሬዎታለሁ፤ የአገራችን ልጅ ነው፣ ክፍሏን ከተከራየን ጀምሮ እንደ ወንድም ነን። ለካ የሰውዬው ደጋፊ ኖሯል። "መንገድ የሠራልን ማን ነው?" ይለኛል። "መንገድ ሠራ ተብሎ የሕዝብ ድምፅ ይዋጣል?" እለዋለሁ። አሁን ከተኮራረፍን ሰነበትን። አክስቴ፣ ምግብ አብሳይ ሲኮርፍ የሚራበው ሌላው ነው። እሱ ቤቱን የሚያውድ ወጥ ሠርቶ ብቻውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል፤ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የተቀቀለ እንቁላል እልጣለሁ። አገር ቤት ያለው ችግር እዚህ ድረስ ሆዴን አገኘው።

ሪባኑን ጥሩ ዓይነት አግኝቼ ልኬልዎታለሁ። ነሐሴ ላይ ፈቃድ ወስጄ ልመጣ አስቤያለሁ፤ ምን ይመስልዎታል?

ልጅዎ፣ እናንተ ችኩሌ የምትሉኝ


ሐምሌ 10

ለችኩሌ፤

እጅህን ከማሽን፣ ልብህን ከሐሳብ ይጠብቅልህ። ሪባኑ በሰላም ደርሷል፤ ደግሞ በደህና ጊዜ ነው የደረሰው፤ ወዲያው አለቀ። ለምን አትለኝም?

ሰውዬው ጥሩምባው ምሳውን አላስበላ ሲለው አዋጅ አወጣ። በከተማ ውስጥ ጥሩምባ የነፋ ይታሰራል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንዱ ሚኒስትር ልጁን ሊድር ነበርና፣ "የሰርግ አጀብን አይመለከትም" የሚል ሐረግ ሸጎጡበት። አየህ፣ ለአንድ ሰው ብለው የከፈቱት ቀዳዳ አገር አሾለከ።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ደጁ ላይ የመኪና ሰልፍ ነበር። ታክሲው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ የአሸዋ ገልባጩ፣ ሁሉም "አስጊጪልኝ" ይላል። የቆሻሻ መኪናው ሾፌር ሳይቀር መጣ። "አንተ ደግሞ ማንን ልትድር ነው?" ብለው፣ "ቆሻሻውን ነዋ፣ እታለም፤ ከከተማው ወጥቶ ሊሄድ ስለሆነ በክብር ልሸኘው ብዬ" አለኝ። ሐምራዊ አበባ አሰርኩለት።

ከተማው ሁሉ ተዳረ። እኩለ ቀን ሲሆን መንገዱ በሙሉ ነጭ ሪባን ብቻ ነው፤ ፖሊሶቹ የትኛውን ይዘው የትኛውን እንደሚለቁ ግራ ገባቸው። ጸጉር አስተካካዩ፣ "ከተማው እንዲህ ተዳብሎ ከተጋባ ነገ ማን ከማን ጋር ይጣላል?" ይላል። አሁን ግን ዘዴው የገባቸው መሰለኝ። መኪና እያስቆሙ "ሙሽራዋን አሳዩን" ማለት ጀምረዋል።

ነሐሴ ላይ እመጣለሁ ያልከውን ለጊዜው ተወው። ዝናቡ ከባድ ነው። ሪባንም አልፈልግም። ከቻልክ አንድ የወንድ ሹራብ ላክልኝ፤ ወፍራም ይሁን፣ ዚፕም ቁልፍም አይኑረው። ሲጠቀለል ቦታ የማይፈጅ ብርድ ልብስም ብታገኝ ጨምርበት። ከምግብ አብሳዩ ጋር ታረቅ፤ ርቦህ ከምትሟገት ጠግበህ ብትሟገት ይሻላል።

አጎትህ ሥራ በዝቶበታል። ሰላም በልልኝ ብሏል።

አክስትህ


ሐምሌ 27

ለአክስቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ጋሼስ? ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አክስቴ፣ ጋሼ ሹራብ ሲባል አንገቴን ያሳክከኛል የሚሉ ሰው ናቸው። ደግሞስ ዚፕና ቁልፍ የሌለበት ልብስ የሚጠየቀው የት ሲገባ ነው? ቦታ የማይፈጅ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገውስ የት ለሚያድር ሰው ነው? ሥራ የበዛበት ሰው አንዲት መስመር መጻፍ አያቅተውም። እርስዎም ስለ ዝናብ ፈርተው አያውቁም።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ስብሰለሰል ምግብ አብሳዩ ከሥራ ገባ። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከተኮራረፍን ወዲህ በእኔ በኩል ዝር ብሎ አያውቅም ነበር። አንድ ዘመዱ ከአገር ቤት መጥቶ ኖሮ፣ ጥሩምባ ነፉ ተብለው ከታሰሩት መሀል አንድ ጸጥተኛ ታክሲ ነጂ እንዳለ፣ ሚስቱም አበባ ሻጭ እንደሆነች ነግሮታል። "ያንተ ጭምቱ መሰለኝ" አለኝ።

  ብድግ ብሎ ሻንጣውን ከፈተና ከታች እናቱ የሠራችለትን ሹራብ አወጣ። አንድም ዚፕ የለውም። "ይህን ላክላቸው፤ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ስለምውል አይበርደኝም" አለ። ከዚያ ለሁለት የሚሆን ወጥ ሠራ። ስለ ሰውዬው ክፉም ደግም ሳንናገር በላን።

አሁን እውነቱን ይጻፉልኝ። ልጅ አይደለሁም።

ችኩሌ


ነሐሴ 8

የእህቴ ልጅ፤

በመጀመሪያ ልብህ ይረፍ፦ አጎትህ ወጥቷል፤ አሁን ከጀርባዬ ቁጭ ብሎ ሻይ ፉት እያለ ነው። ዋሸሁህ አልልም፤ አዘገየሁብህ እንጂ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ከመጨነቅ ሌላ ምን ይፈይዳል ብዬ ነው። ሹራቡ ልክ እሱ ሲወጣ ደረሰለት፤ እያሳከከው ለብሶታል። ላኪውን እግዜር ይስጥልን በልልን።

እንዲህ ነው የሆነው። ጋራዡ ያለው መካኒክ፣ ያ ጺማሙ፣ ሙሽራ አሳዩ ሲባል ጊዜ "ሙሽራ ካጣችሁ እኔ አለሁ" ብሎ ከእኔ ሱቅ የወሰደውን ዓይነ ርግብ ተከናንቦ ከኋላ ወንበር ተሳፈረ። አደባባዩ ጋ መቶ አለቃው አስቆማቸው። ዓይነ ርግቡን ገልጦ ጺሙን ሲያይ ጭፍሮቹ ራሳቸው በሳቅ ፈነዱ። እዚያው ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። መቶ አለቃው ግን ተሳቀብኝ ብሎ መካኒኩን በጥፊ አጮለው፤ ዓይነ ርግቡን ጭቃ ውስጥ ረገጠው።

አጎትህ ከኋላቸው ነበር። ሪባን አላሰረም፣ ሙሽራ አልያዘም፣ ሁለት ተሳፋሪ ይዞ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ከዚያ ያ በዕድሜው ጥሩምባ ነፍቶ የማያውቅ ሰው መዳፉን መሪው ላይ ጣለው። አላነሳውም። ተሳፋሪዎቹ እንደነገሩኝ የጥሩምባው ድምፅ ራሱ ባለመልመዱ መጀመሪያ ሳል ሳል አለው፤ ከዚያ ተከፈተ።

መቶ አለቃው መጥቶ "እጅህን አንሳ" አለው።

"አንተ እጅህን ስታነሳ" አለው አጎትህ።

በቃ፣ ይዘውት ሄዱ። የታሰረበት ክፍል በጥሩምባ ነፊዎች ተጨናንቆ እግር መዘርጊያ አልነበረውም። እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም በአፋቸው ይነፉ ነበር አሉ። እኔ በማግስቱ ምግብ ይዤ ብሄድ "ዛሬ አይቻልም" ብለው መለሱኝ። ቆይተው ምግቡን መቀበል ጀመሩ። በመጨረሻ ታክሲ ተራው በሙሉ ሥራ አቆመ። ፖሊሶቹም ሥራ የሚገቡት በታክሲ ነውና በእግራቸው መምጣቱ ሲሰለቻቸው ፈቷቸው።

አሁን ደግሞ ስማ፤ ምክርህን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ጥሩምባ የሚፈቀደው በዚያው ቀን የተፈረመ የጋብቻ ወረቀት ለያዘ አጀብ ብቻ ነው። እኔና አጎትህ ደግሞ፣ እንደምታውቀው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሸበትን እንጂ ተፈራርመን አናውቅም። በድህነታችን ጊዜ "ሲደላን እንደግሳለን" ብለን፣ ሲደላን ረሳነው። ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ምሳ እየበላን፣ "ማዘጋጃ ቤት ሄደን ብንፈራረምስ?" አለኝ።

 "ለምን?" አልኩት።

"ጥሩምባ መንፋት እንችል ነበር" አለኝ።

ችኩሌ፣ ስንት ሙሽራ በእጄ አስጊጬ የሸኘሁ ሴት ለጥሩምባ ተብሎ ልዳር? "ጥሩምባህን አግባ" አልኩትና ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ እሱም እንደ ልማዱ ዝም፣ እኔም ዝም። እስር ቤት ሳለ እንኳን እንዲህ አልራቀኝም ነበር። ምን ትላለህ?

አክስትህ


ነሐሴ 23

ለአክስቴ፤

እንኳን ጋሼ ለቤታቸው በቁ። ሌላውን ሰላምታ ስመጣ በአካል እጨርሰዋለሁ፤ የጥቅምት ትኬት ቆርጫለሁ። አይከልክሉኝ።

ምክር ለጠየቁኝ፦ ጋሼ የተናገሩትን ሳይሆን ሊናገሩ ፈልገው ያቃታቸውን ይጠይቋቸው። ጥሩምባ ለመንፋት ወረቀት ያስፈልገኛል የሚል ሰው አደባባዩ ላይ ያለ ወረቀት አይነፋም ነበር።

ምግብ አብሳዩ ሰላም ብሎዎታል። አሁንም "መንገዱን ግን ሠርቷል" ይላል። "ሠርቷል፤ ጥሩ መንገድ ነው፤ በዚያው ይሂድበት" አልኩት። ከልቡ ሳቀ፤ በወጡ የተጀመረው እርቃችን እዚህ ጋ ነው የጸናው።

ችኩሌ


መስከረም 9

ለተወደድከው፣ ለአስታራቂዬ፤

ዘመኑ የሳቅ ይሁንልህ፤ የምትመጣበት አውሮፕላን እንደ ላባ ይረፍ። እኛ ደህና ነን፤ ዛሬስ ከናፍቆትህ በቀር ምንም የለብንም።

ስልኩ ተከፍቷል። ልደውልልህ ብድግ አልኩና ተውኩት፤ ይህ በስልክ የሚወራ አይደለም።

ሰውዬው እንደሄደ ሰምተሃል። ሚኒስትሮቹ አንድ በአንድ ታመምን እያሉ ቀሩበት፤ ወታደሩም "እኛ ሕዝብ ላይ አንተኩስም" አለ፤ በመጨረሻ ሬዲዮው "ለዕረፍት ወደ ውጭ ተጉዘዋል" ብሎ ነገረን። ሰው መጀመሪያ አላመነም። አንዷ ጎረቤቴ፣ "ዕረፍቱስ የማን ነው?" አለች፤ ያን ጊዜ ነው መንደሩ በሳቅ የፈነዳው። ጸጉር አስተካካዩ በነጻ ሲላጭ ውሎ ክንዱ ዛለ። በማግስቱ ወጣቶቹ መጥረጊያ ይዘው ወጥተው መንገድ ሲጠርጉ ዋሉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። አዲሱ ሰውዬም ምሏል። ጥሩ ሰው ይመስላል። ያኛውም ሲገባ ጥሩ ሰው ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ዓይናችንን አንነቅልም።

ይህን ልነግርህ ግን አልተቀመጥኩም። ሰርጋችንን ልነግርህ ነው። ከሰውዬው መሄድ በፊት ባለው ሐሙስ ነበር።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ አልጠየቅኩትም፤ እልኸኛ ነኝ። እሱ ነው የመጣው። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ከኋላቸው ተሰልፎ ቆመ። ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና "አበባ ፈልጌ ነበር" አለኝ።

"ለማን?"

"ለሴት።"

"ምን ዓይነት ሴት?"

"የተቆጣች።"

ደንበኞቹ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ ፊቴን አልፈታሁም። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጣቢያ ምግብ ይዘሽ የመጣሽ ቀን፣ ዘበኛው ወደ ውስጥ ገብቶ 'አንዲት ሴት መጥታለች፤ ምንህ ናት?' አለኝ። ሚስቴ አልኩት። 'ወረቀት አላት?' አለ። የላትም አልኩ። በመስኮቱ ስንጥቅ ስትመለሺ አየሁሽ፤ ሳህኑን አቅፈሽ። ከዚያ ወዲህ እሱ ነው የሚከነክነኝ። ጥሩምባ ያልኩት አፌ ስላልታዘዘልኝ ነው።"

ይህን ሁሉ ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መቀሱን አስቀምጬ ሽርጤን ፈታሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። ምስክሮቻችን ጸጉር አስተካካዩና ጺማሙ መካኒክ ነበሩ። ጸሐፊዋ ዕድሜዬን ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ሁለቴም አሳንሼ ነገርኳት። ታክሲውን ምስክሮቹ ናቸው ያስጌጡት፤ ሙሽራ የራሷን መኪና አታስጌጥም ብለው ከለከሉኝ። ችኩሌ፣ ባየኸው። ሪባኑ ተጣሞ፣ አበባው ወደ አንድ ጎን ዘሞ፣ ኮፈኑ ላይ ያለው ጽጌረዳ ተዘቅዝቆ። እጄ በላኝ። ግን ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ እቅፌ ውስጥ አበባ አለ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ኖሮ መንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ብቻ ነው። የማውቀው ታክሲ፣ የማላውቀው ታክሲ፣ ያ የቆሻሻ መኪና እንኳን ታጥቦ መጥቷል። ሁሉም ከኋላችን ተከተለ፤ ማንም ግን ጥሩምባ አልነፋም። ወረቀት ያለው የእኛ ብቻ ስለሆነ እኛን ይጠብቃል።

አደባባዩ ጋ ያው መቶ አለቃ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። አጎትህን አወቀው። ፊቱ ተለዋወጠ። መኪናውን ዙሪያውን ዞረና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ፤ እኔን አለፈኝ፣ ከጎኔ ያለውን ጺማሙን መካኒክ አየ።

"ዛሬ ደግሞ ሙሽራዋ የት አለች?" አለ።

ስንቷን ልጅ ዓይነ ርግቧን አስተካክዬ፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስቤ በሩን ዘግቼላታለሁ። አንዴም ያ ጥያቄ እኔን ይመለከታል ብዬ አስቤ አላውቅም። 

"እኔ ነኝ" አልኩት።

መቶ አለቃው ወረቀቱን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ፊቴን አየና፣ ምን እንዳየ እንጃ፣ ኮፍያውን አወለቀ። "እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ። ይለፉ" አለ።

አጎትህ መዳፉን መሪው ላይ አኖረ። ከኋላችን ከተማው በሙሉ ይጠብቃል። እሱ ግን አልነፋም። በመስታወቱ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ እያየ ቆየ፤ ፈቃዴን እየጠየቀኝ ነው።

"ንፋው" አልኩት።

አክስትህ፣ ሙሽራይቱ